ጋሽ ታፈሰና ዘንበል ያለው ክፍል

«ለቅሶው የት ነው?»

ጋሽ ታፈሰ ማረፋቸው በተሰማ በአንድ ሰዓት ውስጥ ስልኬ ላይ የመጣው ጥያቄ ሁሉ ይኸው ነበር። ምን አገኛቸው ብሎ የጠየቀ የለም፤ ልባቸው እንደደከመ፣ ሆስፒታል ከገቡም ሳምንት እንዳለፋቸው ሁሉም ያውቃል። ጭንቁ የት ሄደን እንድረስ ነው። ሚስት የላቸው፣ ልጅ የላቸው። ያላቸው ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ፣ ባቡሩ በመስኮቱ ስር የሚያልፍባት አንድ ክፍል አፓርታማ ብቻ ነበረች፤ እሷም አራት ሰው ከገባባት አምስተኛው ኮሪደር ላይ ቆሞ ነው የሚያለቅሰው። አንዱ የቤተክርስቲያን አዳራሽ እንለምን አለ። ሌላው ሬስቶራንት እንከራይ አለ።

«ምን አዳራሽ! ምን ሬስቶራንት!» ብዬ ስልኩ ላይ ጮህኩ። «ለቅሶው እኔ ቤት ነው። ክሪስታል ከተማ። አድራሻውን ለሰው ሁሉ ላኩ።»

ይህን ስል ድምፄ ተሰበረ። ምክንያቱም እኔ አንድ ቀን፣ ሰው እየሰማ፣ እኚያን ሰው «ለመሆኑ እርስዎ ቤት ገዝተው ያውቃሉ?» ብያቸዋለሁ። ስሜ ትዕግስት ነው፤ የሚያውቁኝ ሁሉ በስሜ ይስቃሉ።

ጋሽ ታፈሰን ያወቅኳቸው ስራ ቦታ ነው። እኔ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነርሲንግ አሲስታንት ነኝ፤ እሳቸው እዚያው ምድር ቤት፣ ላውንደሪ ውስጥ አንሶላ ያጥፉ ነበር። አጭር ናቸው፤ ትከሻቸው ሰፊ፣ እጃቸው ደግሞ ከሌላ ሰው የተዋሱት የሚመስል ትልቅ። አዲስ አበባ ሳሉ ግንበኛ ነበሩ። አንሶላውን ሲያጥፉ ጠርዝ ከጠርዝ ካልገጠመላቸው ፈትተው እንደገና ይጀምራሉ።

«ኧረ ጋሼ፣ ማን ያየዋል? አሁኑኑ ሊተኙበት ነው እኮ» ስላቸው፣

«እኔ አየሁት አይደል?» ይሉኛል።

አንድ ልማድ ነበራቸው። የትም ይግቡ የት ግድግዳውን ሳያንኳኩ አይቀመጡም። ሐኪም ቤት፣ ባንክ፣ የሰው ሳሎን፣ በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ ያደርጉና ጆሯቸውን ሰጥተው ያዳምጣሉ። አንዴ የኃላፊያችን ቢሮ ውስጥ ቆመን እያለን ግድግዳውን አንኳኩ። ሴትዮዋ ከወረቀቷ ቀና ሳትል «ግቡ» አለች፤ ፊቷ ቆመን። እኔ ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ወጣሁ፤ እሳቸው ግን ፊታቸው ንቅንቅ አላለም። ኮሪደሩ ላይ ደርሰውብኝ «ባዶ ነው፤ ካርቶን ነው ያለበሱት» አሉኝ።

ኮታቸው ኪስ ውስጥ ደግሞ አንዲት አረንጓዴ የጠርሙስ ብይ አትጠፋም። ልጆች ሆነን የተጫወትንባት ዓይነት ናት። ቤት ሊገዛ የተነሳ የኛ ሰው ሁሉ፣ ኦሮሞ ይሁን አማራ፣ ክርስቲያን ይሁን እስላም፣ አሻሻጭ ኤጀንቱን ከያዘ በኋላ የሚደውለው ለጋሽ ታፈሰ ነው። ይመጣሉ። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው በካልሲ ይገባሉ። መጀመሪያ ቤዝመንት፣ ማለት ምድር ቤቱ፣ ወርደው ምንጣፉ ላይ ቀስ እያሉ ይራመዳሉ፤ እርጥበት ካለ ካልሲያቸው ይነግራቸዋል። ከዚያ ግድግዳውን ያንኳኳሉ። መጨረሻ ላይ ይንበረከኩና ብዪቱን ወለሉ መሀል ያስቀምጧታል። ከቆመች ወለሉ ደህና ነው። ከሄደች በዓይናቸው ይከተሏታል፣ ያነሷታል፣ ኪሳቸው ይከቷታል፣ ዝም ይላሉ።

ዝም ይላሉ ያልኩት በምክንያት ነው። ሰው ቤት ውስጥ ቆመው እንከን ተናግረው አያውቁም። ቤቱ የተሰነጠቀ፣ ጣሪያው የሚያፈስ ቢሆን እንኳ «እሺ፣ ቆንጆ ነው» ብለው ጫማቸውን ያስራሉ። ሁሉንም የሚናገሩት መኪና ውስጥ ገብተው በር ከተዘጋ በኋላ ነው፤ «ቀለሙን ተይው፣ ቀለም ዋሾ ነው» ብለው ይጀምሩና ችግሩንም ዋጋውንም እዚያው ይዘረዝሩታል። ለምን ውስጥ አይናገሩም ብዬ ስጠይቃቸው «ቤት ይሰማል» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር።

እኛ ያን ጊዜ የምንኖረው ሆፕኪንስ ከተማ ነው፤ ሊፍት የሌለው አፓርታማ ሶስተኛ ፎቅ ላይ። ልጃችን ሩት ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ጡንቻዋ የሚደክምባት በሽታ አለባት፤ በሰባት ዓመቷ መራመድ አቆመች። ባለቤቴ ዳዊት ጠዋት በጀርባው ተሸክሞ ያወርዳታል፣ ከሰዓት ተሸክሞ ያወጣታል። ልጅ ደግሞ ያድጋል። አንድ ቀን ወገቡ ተያዘና ደረጃው መሀል ላይ ተቀመጠ፤ መነሳት አልቻለም። ሐኪሙ ከእንግዲህ ከባድ ነገር እንዳታነሳ አለው። ልጁ ከባድ ነገር ሆነችበት ማለት ነው።

በማግስቱ ከስራ ስመለስ ሩትን ሁለተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ አገኘኋት። በእጆቿ ራሷን እየጎተተች፣ ጉልበቷ ተልጦ።

«አይ ካን ክራውል፣ ማሚ» አለችኝ። በዳዴ እወጣለሁ ማለቷ ነው። ይህን ስትል ደግሞ ፈገግ ብላ ነው፣ እኔ እንዳልከፋ።

የዚያኑ ዕለት ለሀዊ ደወልኩ። ሀዊ ቤት የምታሻሽጥ ወጣት ናት፤ ወለጋ ተወልዳ ልጅ ሆና የመጣች፣ አማርኛዋን በኦሮምኛ ቅላጼና በእንግሊዝኛ እያዋዛች የምታንበለብል። «ደረጃ የሌለው ቤት» አልኳት። «ሌላ ምንም አልመርጥም። ደረጃ ብቻ አይኑረው።»

የመጀመሪያው ቤት እዚያው ሆፕኪንስ ነበር። ጋሽ ታፈሰ አንኳኩ፣ ተንበረከኩ፣ መኪና ውስጥ ገባንና በሩ ተዘጋ። ከተጠራው ዋጋ ዝቅ አድርገን እንድንጀምር ነገሩን።

ሀዊ ከመሪው ዞር አለች። «ጋሼ፣ ማርኬቱ እንደዛ አይደለም። አሁን ሰው ከአስኪንግ ፕራይስ በላይ ነው ኦፈር የሚያደርገው።»

«በላይ?»

«በላይ።»

«ሻጩ ይሄን ያህል ስጡኝ ብሎ እያለ፣ አይ፣ እኔ ልጨምርልህ የሚል ገዢ?» ጋሽ ታፈሰ ወደ እኔ ዞሩ። «ይሄ ሰው ዘመድ የለውም? የሚመክረው የለም?»

ሁላችንም ሳቅን። እሳቸውን ሰማንና ዝቅ አድርገን አቀረብን። ሻጩ መልስ እንኳ አልሰጠንም። ሁለተኛውን ቤት በተጠራበት ዋጋ ጠየቅን፤ ሌላ ሰው ጨመረበት፣ የቤት ምርመራ፣ ኢንስፔክሽንም አልፈልግም ብሎ በሁለት ቀን ወሰደው። ያን ቀን መኪና ማቆሚያ ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ። ጥፋቱ የሳቸው አልነበረም፤ የኛም አቅም ያ ነበር። እኔ ግን በልቤ ጋሽ ታፈሰ ላይ ቂም መያዝ ጀመርኩ። ሰው ሲጨንቀው ቂም የሚይዝበት ሰው አያጣም።

ከዚያ የክሪስታሉ ቤት ለገበያ ወጣ።

ፎቅ የሌለው ነው፣ እዚህ ራምብለር የሚሉት ዓይነት። በሩ ላይ በደረጃ ፋንታ በሲሚንቶ የተሰራ መወጣጫ፣ ዊልቸር የሚያሳልፉ ሰፋፊ በሮች፣ ሻወሩ ውስጥ መያዣ ብረት። ገና ፎቶውን ሳይ ለሀዊ ደወልኩ። ዋጋው ባንኩ እስከዚህ ነው ብሎ በፈቀደልን ልክ ነበር፤ አንድ ዶላር መጨመር አንችልም። ሀዊ ደግሞ ሌሎችም እያዩት መሆኑን ነገረችን።

ቅዳሜ ዕለት ስንሄድ መኪና ውስጥ ለመንኳቸው። «ጋሼ፣ በእናትዎ፣ ዛሬ እንከን አይፈልጉብኝ።»

«አልፈልግም ልጄ። ካለ ግን ይታየኛል፣ ምን ላድርግ?»

እዚህ አገር ቤት ሲታይ ባለቤቱ አይገኝም። ኤጀንቱ ቁልፍ ይዞ ይመጣል፣ ሻጭና ገዢ ሳይተያዩ ነው ነገሩ የሚያልቀው። ስለዚህ ጋራዡ ውስጥ፣ ቀለም የነካካው ቱታ ለብሶ የወንፊት በር የሚጠግን ሽማግሌ ፈረንጅ ስናይ ማናችንም ባለቤቱ ይሆናል ብለን አላሰብንም። ሰራተኛ ነው አልን። ጋሽ ታፈሰ በተለይ የሙያ ጓደኛ ያገኙ መስሏቸው እጃቸውን ከሩቅ አንስተው ሰላም አሉት።

ቤቱ ጥሩ ነበር። ቤዝመንቱ አንድ ጥግ ላይ ብቻ ካልሲያቸውን አረጠበው። ከኋላ በኩል ግን ቆይታ የተጨመረች አንዲት ክፍል አለች፣ ትልቅ መስኮት ያላት። እዚያ ተንበርክከው ብዪቱን አስቀመጧት። ብዪቱ አንድ አፍታ እንኳ አላመነታችም፤ ተንከባላ ሄዳ መስኮቱ ስር ቆመች። አንስተው ከሌላ ቦታ ሞከሩ። እንደገና መስኮቱ ስር።

ከዚያ ያደረጉትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ወደ ጋራዡ ሄደው ያንን ሰውዬ ክንዱን ይዘው አመጡት፤ ግንበኛ ለግንበኛ ሊያወሩ። ብዪቱን እፊቱ ለቀቋትና ባለቻቸው እንግሊዝኛ፣

«ሉክ፣ ማይ ፍሬንድ» አሉት። «ሁ ሜክ ዚስ? ባድ ወርክ። ቬሪ ባድ ወርክ።»

ሰውየው ብዪቱ እስክትቆም ጠበቀ። ከዚያ ቀስ ብሎ «እኔ ነኝ የሰራሁት» አለ። ሚስቱ መራመድ ስታቆም ሰማይ የምታይበት ክፍል ብሎ በገዛ እጁ የሰራላት ነው። እሷ በዚያው ክረምት ሞታለች። ይህን በሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ወደ ጋራዡ ተመለሰ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ሀዊ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ መኪናው ጋ እስክንደርስ እንኳ አልታገስኩም፤ መወጣጫው ላይ ቆሜ፣ ዳዊትም ሀዊም ባሉበት፣ ያ ሰውዬም ጋራዥ ውስጥ ሆኖ እየሰማ፣

«ጋሼ፣ ምን አደረግኩዎት? ልጄ ደረጃ ላይ በዳዴ እየሄደች ነው እኮ! ሁለት ቤት አስመለጡኝ፤ ይሄን ደግሞ ገደሉት! ለመሆኑ እርስዎ ቤት ገዝተው ያውቃሉ?» አልኳቸው።

ዳዊት «ትዕግስት!» አለ። ጋሽ ታፈሰ ግን እጃቸው ላይ ያለችውን ብይ አገላብጠው አዩ፤ እንደ አዲስ ነገር። ኪሳቸው ከተቷት።

«እውነትሽን ነው ልጄ» አሉ። ጫማቸውን ሳያስሩ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄዱ። ዳዊት በመኪና ተከትሎ ቢለምናቸው አልገባም አሉ።

ሰኞ ኦፈር አደረግን፤ በተጠራው ዋጋ፣ እስከ መጨረሻው አቅማችን። ሀዊ ሁለት ሌሎች ገዢዎች ከኛ በላይ እንዳቀረቡ ሰምታለች። አልደበቀችኝም። «ጸልዪ» ብቻ አለችኝ። ለገብርኤል ተሳልኩ።

ረቡዕ አንዲት አሮጊት ሻወር ላስገባ እጅጌዬን እየሰበሰብኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ።

«ትጉዬ፣ ተቀምጠሻል?» ሀዊ ናት።

«ኧረ ምን መቀመጫ አለኝ፣ ንገሪኝ!»

«ሻጩ ካውንተር ላከ፤ የራሱን ዋጋ አቀረበ።»

«ጨምሩ ነው የሚለው? የለንም በይው፣ የለን…»

«ቀነሰ!»

«ምን?»

«ዋጋውን ቀነሰ ነው የምልሽ! ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሻጭ ወደ ታች ካውንተር ሲያደርግ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ‹ለኋላው ክፍል ወለል ማስተካከያ› ብሎ ጽፎበታል። ሌሎቹን አልፈልግም ብሏል።»

ኮሪደሩ ላይ እልል አልኩ። አሮጊቷ ፎጣዋን አቅፋ አብራኝ ሳቀች፣ ምን እንደሆነ እንኳ ሳታውቅ። ገብርኤልን አመሰገንኩ። ጋሽ ታፈሰ ምድር ቤት ነበሩ፤ ወርጄ አልነገርኳቸውም። አፍሬ ነው እንዳልል፣ ያን ጊዜ ገና ኩርፊያዬ አልለቀቀኝም ነበር። ለራሴም አልዋሽም።

በፊርማው ቀን የቤቱ ባለቤት ራሱ ከረቫት አስሮ መጣ። ዋልተር ይባላል። ወረቀቱን እየፈረምን ቀና ብሎ «ባለ ብዩ ሰውዬስ?» አለኝ።

«ስራ ገብተዋል» አልኩ።

«ሰላም በይልኝ። እሁድ ዕለት መጥቶ ነበር።»

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ዳዊትም አስቀመጠ። ዋልተር የነገረን እንዲህ ነው። ቤቱን ባየንበት ማግስት በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ታፈሰ ሁለት አውቶቡስ ቀይረው፣ በፌስታል ብርቱካን ይዘው በር ላይ ቆመዋል። ሚስትህ መሞቷን አላወቅኩም፣ አዝናለሁ ብለው ገቡ። ጫማቸውን አወለቁ። ተቀመጡ።

«ከዚያ ዝም አለ» አለ ዋልተር። «ስለ ቤቱ ሊያወራ ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ፤ አላወራም። ቴሌቪዥን ከፈትኩለት፤ አላየም። ዘጋሁት። ምን ፈልጎ ነው የመጣው እላለሁ። አንድ ሰዓት ያህል እንደዚያ ከተቀመጥን በኋላ ሳላስበው ስለ ማርጋሬት ማውራት ጀመርኩ። እስኪጨልም አወራሁ። ግማሹን የተረዳልኝ አይመስለኝም።»

ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አንከባለለ። «ልጆቼ ለቀብር መጥተው በሁለተኛው ቀን ሄዱ፤ ስራ አላቸው። ጎረቤት ካርድ ላከልኝ። አብሮኝ የተቀመጠ ሰው ግን አልነበረም። ሊሄድ ሲነሳ፣ ያንን ወለል ለማስተካከል ስንት ይፈጃል ብዬ ጠየቅኩት። ግንበኛ መሆኑን ነግሮኝ ነበርና። እጁን እንዲህ አደረገና ‹ኖ ፕራይስ ቱደይ› አለኝ። ሂሳቡን ራሴ ገመትኩት።»

ዛሬ ዋጋ የለም። ለቅሶ ቤት ስለ ዋጋ አይወራም ማለታቸው ነው፤ እኔ ነኝ የገባኝ። ዋልተር ግን ለምን እንዳለቀስኩ አልገባውም፤ ቲሹውን ወደኔ ገፋልኝ።

ቁልፉን እንደያዝኩ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ሄድኩ። ጋሽ ታፈሰ በሩን ከፈቱልኝ። ክፍሏ ባዶ ናት፤ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር፣ ጠርዝ ከጠርዝ የተገጠመ ብርድ ልብስ። ሰላም እንኳ ሳልላቸው ጉልበታቸው ላይ ወደቅኩ።

«ጋሼ ይቅር ይበሉኝ። ምላሴ ይቆረጥ።»

«ተነሺ፣ ተነሺ! ምን ነካሽ? ወለሉ ቀዝቃዛ ነው!» አሉና ጎትተው ወንበሩ ላይ አስቀመጡኝ። እሳቸው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ባቡሩ ደወሉን እየደወለ አለፈ፤ እስኪያልፍ ጠበቁ።

«የጠየቅሽኝ እኮ እውነት ነው። ቤት ገዝቼ አላውቅም። አንድ ቤት ግን ሸጫለሁ።»

ቀጨኔ፣ ሁለት ክፍል ቤት ነበረቻቸው፤ ድንጋዩን በገዛ እጃቸው ጠርበው የገነቧት። ባለቤታቸው አስካለ ኩላሊቷ ታመመና ለህክምናዋ ቤቷን ሊሸጡ ደላላ ጠሩ። ገዢው መጣ። ዋጋ ለማስቀነስ ነውና እየዞረ ያጣጥል ጀመር፤ ግድግዳው ጠማማ ነው፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፣ ይሄን የሰራው ሰው ዓይን የለውም እንዴ። አስካለ መጋረጃው ጀርባ ተኝታ ትሰማለች።

«ሰዎቹ ሲወጡ ጠራችኝ» አሉ ጋሽ ታፈሰ። «‹ታፈሰ፣ እውነት ቤታችን ይሄን ያህል ክፉ ነው?› አለችኝ። አይደለም አልኳት። ግን በዚያ ዋጋ ሸጥኩለት፤ ምን አማራጭ ነበረኝ? ገንዘቡ ሳያልቅ እሷ አለፈች። ክፉ ቤት ውስጥ ያኖርኳት መስሏት ሞተች።»

እጃቸውን ያዝኩ።

«ከዚያ ወዲህ ሰው ቤት ቆሜ እንከን አልናገርም ብዬ ነበር። ያን ቅዳሜ በልብሱ ላይ ቀለም አየሁ፣ የሙያ ሰው መሰለኝ፣ አፌ አመለጠኝ። አንቺ ስትቆጪኝ የሰማሁት አንቺን አልነበረም ልጄ። አስካለን ነው። እሁድ ሄጄ ባልቀመጥ ኖሮ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።» ከዚያ ድንገት ቀና አሉ። «አሸንዳው አጭር ነው። የጣሪያው ውሃ ግድግዳው ስር ነው የሚፈሰው፤ ቤዝመንቱን የሚያረጥበው እሱ ነው። ቅዳሜ መጥቼ ከዳዊት ጋር እናስረዝመዋለን።»

ቅዳሜ መጡ። አሸንዳውን ከዳዊት ጋር አስረዘሙት፤ እኔ «የዳዊት ወገብ!» እያልኩ ከስር ስጮህ ዋልኩ። ሲጨርሱ ጫማቸውን አውልቀው ገቡና የኋላዋ ክፍል ውስጥ ተንበርክከው ብዪቱን ለቀቋት። ብዪቱ እንደ ልማዷ ወደ መስኮቱ ተንከባለለች። ሩት ዊልቸሯ ላይ ሆና ስታይ ቆየችና ፍሬኑን ለቀቀች። ወንበሯ ቀስ ብሎ፣ ማንም ሳይገፋው፣ ብዪቱን ተከትሎ ሄደ። መስኮቱ ጋ ደርሶ ቆመ። ክንዶቿም እየደከሙ መጥተው ነበርና፣ ያን ቀን በዳዴ ደረጃ ከወጣች ወዲህ ልጄ ያለ ሰው እርዳታ አንድ ክንድ ሄዳ አታውቅም ነበር።

«አጌን!» አለች እየሳቀች። «ማሚ፣ አጌን!»

ወለሉን የሚያስተካክል ሰው ለሰኞ ቀጥረን ነበር። ጋሽ ታፈሰ ከተንበረከኩበት ሳይነሱ «ይሄን ወለል እንዳትነኩት» አሉ። «ሰውየው ነግሮኝ ነበር። ሲሰራው ተሳስቶ ነው፤ ሊያፈርሰው ሲል ሚስቱ ተው፣ ማንንም ሳልለምን መስኮቴ ጋ የምደርስበት ነው አለችው።» ግማሹን አልተረዳኝም ያለው ዋልተር ትዝ አለኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠርዝ ከጠርዝ ሲያገጥሙ የኖሩ ሰው ያንን ጠማማ ወለል በመዳፋቸው ደባበሱት። ብዪቱን ለሩት ሰጧት። ከዚያ ወዲህ ቤት ሊያዩ ሲጠሩ እየደወሉ ከእሷ ይዋሷት ነበር፤ ሲመልሱላት ደግሞ አመስግነው ነው።

በለቅሶው ቀን ብርዱ ፊት ይቆርጣል። ሰዉ ግን በር ላይ ተሰለፈ፤ ቤት ያስገዟቸው ሁሉ ወንበር ይዘው መጡ። ሀዊ ጫማ እየደረደረች ታለቅሳለች። እኔ የማላውቃቸው ሰዎች ገብተው ሲያልፉ ግድግዳዬን በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ አደረጉ፣ አንዱ ሲያደርግ ሌላው እያየ። በጣም አለቀስኩ።

ከሰዓት ላይ ዋልተር መጣ። ልጁ መኪና ውስጥ ሆኖ ይጠብቀዋል። በግሮሰሪ ፌስታል ብርቱካን ይዟል። «አዝናለሁ» አለኝ፤ ጫማውን ጎንበስ ብሎ በጭንቅ አወለቀ፤ መንገዱን ያውቀዋልና ቀጥ ብሎ ወደ ኋላዋ ክፍል ሄደ። ሽማግሌዎቹ ቦታ ለቀቁለት። መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ፣ ሩት ካለችበት ጎን። ማንንም አላናገረም። ምግብ ሲሰጠው በላ። ሴቶቹ በሹክሹክታ «ማነው?» ሲሉኝ «ዘመዳቸው ነው» አልኩ።

ልጁ እንሂድ ሊለው ሁለት ጊዜ መጥቶ በር ላይ ቆመ። በሁለተኛው ዋልተር ተነሳ፣ ባርኔጣውን አደረገ። ልሸኘው ሄድኩ።

«እግዜር ይስጥልኝ። ብዙ ቆየህ፣ ሂድ አሁን፣ ይበርዳል» አልኩት።

ወደ መስኮቱ ዞር አለ። በረዶው ላይ ገና ብርሃን ነበር።

«ታፈሰ እኔ ጋ እስኪጨልም ነው የቆየው» አለኝ። ባርኔጣውን አወለቀና ተመልሶ ተቀመጠ።